ከማድሪድ ተነስቶ ጥንታዊ ከተሞችን በእግር ማየት፦ ቀኑን በአቦል፣ በቶና እና በበረካ መክፈል

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቼ። ዛሬ የምንነጋገረው ማድሪድ አድራችሁ፣ ማለዳ ተነስታችሁ፣ አንድ ጥንታዊ ከተማ በእግራችሁ ስትዞሩ ውላችሁ፣ ማታ ወደ ማደሪያችሁ ስለምትመለሱበት ጉዞ ነው። ቶሌዶ፣ ሴጎቪያ፣ አቪላ እና አልካላ ዴ ኤናሬስ፤ አራቱም በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚታዩ፣ አራቱም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቱን ግን በእኛው በሐበሻ ሰዓት እነግራችኋለሁ።

በዚህ ቪዲዮ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልኝ ደስ የሚለኝ ይህን ነው፤ ለእግር ተጓዥ ትልቁ ርቀት ከባቡር ጣቢያው በር እስከ አሮጌው ከተማ በር ያለው ነው። ደግሜ ልበለው፤ ከጣቢያው በር እስከ ከተማው በር። ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ስልካችሁ ይነግራችኋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ግን የሚነግራችሁ ጉልበታችሁ ነው።

ስለ ጉልበት ካነሳሁ፣ ሁልጊዜ የምጠቀምበትን ምሳሌ ላምጣ። ቡና ሲፈላ አይታችሁ የምታውቁ ሁሉ ወዲያው ትረዱታላችሁ። አቦሉ ወፍራም ነው፤ ቶናው ለስለስ ይላል፤ በረካው ቀጠን ይላል። ጀበናው ውስጥ ያለው ቡና ግን ያው የመጀመሪያው ነው፤ ውኃ ብቻ ነው የሚጨመርበት። የእግራችሁም ነገር እንዲሁ ነው። ማለዳ ይዛችሁት የወጣችሁት ጉልበት ቀኑን ሙሉ ያው አንዱ ነው፤ ምሳና ዕረፍት ውኃ ይጨምሩበታል እንጂ አዲስ ቡና አይጨምሩበትም። ስለዚህ ዳገቱ፣ ትልቁ ካቴድራል፣ ብዙ ትኩረት የሚጠይቀው ነገር ሁሉ የአቦል ሰዓት ድርሻ ይሁን። ጠባብ መንገዶች፣ ትንንሽ ቤተ መዘክሮች፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ ምኩራብ፣ እነዚህ የቶና ናቸው። በረካው ደግሞ ተቀምጦ ማየት ነው፤ ድልድይ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ከተማው በሙሉ በሚታይበት ቦታ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በረካውን በመተው ነው። ረከቦት ፊት የተቀመጠ እንግዳ በረካውን ሳይጠጣ ሊነሳ ሲል እናቶቻችን «በረካውን ሳትጠጣ?» ብለው መልሰው ያስቀምጡታል፤ ምክንያቱም በረካ ስሙ እንደሚለው ምርቃት ነው። ተጓዦች ግን የመጨረሻውን ሰዓት አንድ ተጨማሪ ሙዚየም ለማየት ይሮጡበትና፣ ሙዚየሙንም በደከመ ዓይን አይተው፣ ከተማውንም ሳይሰናበቱ ወደ ባቡሩ ይጣደፋሉ። እባካችሁ በረካውን ጠጡ።

እስቲ በቶሌዶ እንሞክረው። ቶሌዶ ከማድሪድ በስተ ደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የታኾ ወንዝ በሦስት ጎኗ ዞሯት፣ በዓለት ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ፈጣኑ ባቡር ከአቶቻ ጣቢያ ተነስቶ በ33 ደቂቃ ገደማ ያደርሳችኋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ብትደርሱ፣ የአልካንታራን ድልድይ ተሻግራችሁ ዳገቱን ለመውጣት 25 ደቂቃ ያህል ይበቃችኋል፤ ካቴድራሉ ለጎብኚ የሚከፈተው ደግሞ 4 ሰዓት ላይ ስለሆነ ትንፋሻችሁን ለመሰብሰብ ጊዜ ይተርፋችኋል። እሑድ ግን የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ነውና፣ እሑድን ለቶሌዶ ያሰባችሁ ሰዎች ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይኖርባችኋል።

ዳገቱ የሚያወጣችሁ ዞኮዶቬር ወደተባለው አደባባይ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ «ዞኮ» የተባለው የዐረብኛው «ሱቅ» ነው፤ እኛም ዕለት ዕለት የምንጠራው ያው ቃል ነው። አደባባዩ የጋማ ከብት ይሸጥበት የነበረ ገበያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግንባታው በ1226 ተጀምሮ በ1493 ያለቀውን ካቴድራል ታያላችሁ፤ 267 ዓመት የተለፋበትን ሕንፃ በሃያ ደቂቃ ዞሮ መውጣት አግባብ አይመስለኝምና ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። አቦሉ ይህ ነው።

ቶናው ወደ ምዕራብ፣ ቁልቁል ነው። በሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቀርጤስ መጥቶ በ1577 ቶሌዶ የገባውና በ1614 በዚያው ያረፈው ኤል ግሬኮ የሣለው የኦርጋዝ ባላባት የቀብር ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ የሚገኘው በተሣለለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ጥቂት ወረድ ስትሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለንጉሥ ፔድሮ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሳሙኤል ሃሌቪ ያሠራው የኤል ትራንሲቶ ምኩራብ ይገኛል። በእስራኤል የምትኖሩ ተመልካቾቼ በዚህ ቦታ ከሌሎቻችን የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ በግድግዳው ዙሪያ የተቀረጸውን ዕብራይስጥ ራሳችሁ ቆማችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። በቅርብ ርቀት ያለው ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ ደግሞ ሙስሊም ባለሙያዎች ለአይሁድ የሠሩት፣ ኋላም ወደ ቤተ ክርስቲያንነት የተለወጠ ነው። ሦስቱን ሃይማኖቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አይሁድ በ1492 ከስፔን በዐዋጅ መባረራቸውን አስታውሶ እነዚያን ነጫጭ ቅስቶች የሚያይ ሰው ዝም ማለቱ አይቀርም።

ለበረካው የሳን ማርቲን ድልድይ አለላችሁ። በድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ኋላ ከተማውን ተመልከቱ። ከዚያ በከተማው ቅጥር ሥር ባለው የሬካሬዶ መንገድ እስከ ቢሳግራ በር ሄዳችሁ፣ ኮረብታውን ዳግም ሳትወጡ ወደ ጣቢያው ትመለሳላችሁ። አረጋዊ ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን በጠዋቱም በዚሁ በኩል ግቡ፤ ከቅጥሩ ሥር ተነስቶ ወደ ላይኛው ከተማ የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ፤ ባለፈው ቪዲዮ ሥር ደጋግማችሁ የጻፋችሁልኝ ስለሆነ በቂ ጊዜ እሰጠዋለሁ። «ቶሌዶ በ33 ደቂቃ፣ ሴጎቪያም በግማሽ ሰዓት የሚደረስ ከሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ለምን አናይም?» ብላችኋል። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ካርታው ላይ ሁለቱም ለማድሪድ ቅርብ ናቸው። ነገር ግን ቶሌዶ በስተ ደቡብ፣ ሴጎቪያ ደግሞ ከጓዳራማ ተራሮች ማዶ በስተ ሰሜን ነው። የአንዱ ባቡር የሚነሳው ከአቶቻ፣ የሌላው ከቻማርቲን ነው። አብረን እንደምር። ቶሌዶ ደርሶ ለመመለስ፣ ከጣቢያው እስከ ከተማው ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ጨምሮ፣ ሁለት ሰዓት። ከአቶቻ ወደ ቻማርቲን ለመሻገርና ዕቃ ለማስፈተሽ አርባ ደቂቃ። ሴጎቪያ ደርሶ ለመመለስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ። ባቡር የምትጠብቁበት ሳይቆጠር ከአራት ሰዓት በላይ በጉዞ አለቀ። በቡና ቋንቋ ብነግራችሁ፣ ይህ ሁለት ጊዜ አቦል ለመጠጣት በአንድ ጀበና ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው።

በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሌላ ስሕተት ተደብቋል። ፈጣኑ ባቡር ሴጎቪያ ያደርሳል ስንል፣ የሚያደርሰው ጊዮማር ወደተባለው ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከከተማው መሃል 5 ኪሎ ሜትር ያህል ውጪ፣ ሜዳ ላይ ነው ያለው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ከባቡሩ ወርጄ ታዋቂውን የሮማውያን የውኃ ድልድይ በዓይኔ ፈልጌ ያየሁት ሜዳና ተራራ ብቻ ነበር። ከዚያ በ11 ቁጥር አውቶቡስ ነው ወደ ከተማው የሚገባው። በአንጻሩ ማድሪድ ውስጥ ካለው የሞንክሎአ መናኸሪያ የሚነሳው የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት ከሩብ የማያንስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም የሚያወርዳችሁ ከውኃ ድልድዩ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ ነው። ከጣቢያው በር እስከ ከተማው በር ያልኳችሁ ይህን ነው። እንደ እኔ አስተያየት ሲሄዱ በባቡር፣ ሲመለሱ በአውቶቡስ መጓዝ ይሻላል፤ ጠዋት የተቆጠበው ጊዜ ለአቦሉ ይጠቅማል፣ ማታ ደግሞ የደከመ እግር ጣቢያ ለመድረስ ሌላ አውቶቡስ አይጠብቅም።

ሴጎቪያ ከገባችሁ በኋላ መንገዱ ራሱ ይመራችኋል። የውኃ ድልድዩ በከፍተኛ ቦታው 28 ሜትር የሚደርስ፣ የጥርብ ድንጋዩ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ያለ ማያያዣ ጭቃና ኖራ የቆመ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ከሥሩ ተነስታችሁ ዋናውን መንገድ ሽቅብ ስትሉ ካቴድራሉን፣ ከዚያም በዓለቱ ጫፍ ላይ የተገተረውን የአልካሳር ቤተ መንግሥት ታገኛላችሁ። ኢሳቤላ በ1474 የካስቲያ ንግሥት ሆና የታወጀችው በዚህ ከተማ ነው። ለበረካው ወደ ኤሬስማ ወንዝ ሸለቆ ወርዳችሁ አልካሳሩን ከታች ሽቅብ እዩት።

ስለ ትኬት ባጭሩ ልናገር፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የፈጣን ባቡር ወንበር ቅዳሜና እሑድ ስለሚያልቅ የመሄጃውንም የመመለሻውንም አስቀድማችሁ ግዙ። ሴርካኒያስ የተባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ግን ቀጠሮ አይፈልግም። ሰኞ ብዙ ሙዚየሞች ዝግ ናቸው፤ ለማድሪድ ቅርብ የሆነው የኤል ኤስኮሪያል ገዳምም እንዲሁ። በሐምሌ ወር የቶሌዶ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ስለሆነ፣ በበጋው የሚሄድ ሰው አቦሉን ማለዳ ይጀምር፣ ውኃ ይያዝ።

ምሳ የሚበላው ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው፤ 6 ሰዓት ላይ የራበው ሰው ብዙ ወጥ ቤቶችን ገና ሳይከፈቱ ያገኛቸዋል። የሴጎቪያ ዝነኛ ምግብ የጡት ግልገል አሳማ ጥብስ ነው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ተመልካቾቼ ብዙዎቻችሁ ስለማትበሉት፣ አስተናጋጁ በምትኩ ትልልቁን ነጭ ባቄላ ሊያቀርብላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር ስለሚቀቀል፣ በተለይ በጾም ወቅት፣ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

አቪላን በጥቂቱ ልንካ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም የመካከለኛው ዘመን ቅጥር የከበባት ከተማ ስለሆነች፣ አቦሉን ቅጥሩ ላይ በመራመድ ጀምሩ። በክረምት ካፖርት ያስፈልጋችኋል።

የትኛውን ከተማ አስቀድመን እንይ ለምትሉኝ፣ በተለይም ልጆችና አረጋውያን ለያዛችሁ፣ መልሴ አልካላ ዴ ኤናሬስ ነው። ሴርካኒያስ ከአቶቻ አርባ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ከጣቢያው እስከ አሮጌው ከተማ አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ መንገዱ ሜዳ ነው። የ«ዶን ኪኾቴ» ደራሲ ሰርቫንቴስ በ1547 ክርስትና የተነሳው እዚህ ነው፤ በ1499 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ሕንፃም አለ፤ በየደወሉ ቤት ላይ ሽመላዎች ጎጆ ሠርተው ታያላችሁ። ለእኛ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። ከዚህ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉዌንቴስ የተባለች መንደር አለች፤ በ1603 ኢትዮጵያ የገባው፣ አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ እምነት የመለሰው፣ በ1618 ግሽ ዓባይን ያየው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1564 የተወለደባት መንደር ናት። ያረፈው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነው። የአልካላን በረካ ስትጠጡ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሩ፤ መንደሯ በዚያ በኩል ናት። ወደ እሷ የሚወስደውን መንገድ በሚቀጥለው ቪዲዮ አብረን እናየዋለንና፣ እንዳያመልጣችሁ ቻናሉን ሰብስክራይብ አድርጉ።