መርከብ ፍሬን የለውም፤ ጎታቹስ?

[ምስል፦ ከላይ የተነሳ ወደብ። አንድ ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ጀልባዎች።]

ከባድ መኪና ከነተሳቢው ጠባብ ግቢ ውስጥ በማርሽ ኋላ ሲገባ አይታችኋል አይደል? ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ይቆማል። «ና! ና! ቁረጥ! አቅና! በቃ!» ይላል። ሾፌሩ በስፖኪዮ እያየ ይታዘዛል።

አሁን መኪናውን 400 ሜትር አድርጉት። ፍሬኑን ንቀሉለት። ነፋስ ጨምሩበት። ወደብ የደረሰ የመርከብ ካፒቴን ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

አዎ፣ መርከብ ፍሬን የለውም። ለመቆም ፕሮፔለሩን ወደ ኋላ ማሠራት አለበት። ትልቅ መርከብ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ይህን ቢያደርግ እንኳ እስኪቆም ኪሎሜትሮች ይፈጅበታል። ስለዚህ ወደብ ሳይደርስ ገና ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጣጣው የሚጀምረውም ያኔ ነው። ከኋላ ውሃ ውስጥ ያለው መሪ የሚሠራው ውሃ በኃይል ሲያልፍበት ነው። መርከቡ ሲያዘግም መሪው ይደነዝዛል። ላዩ ላይ የተከመረው ኮንቴይነር ደግሞ እንደ ትልቅ ሸራ ነፋስ ይሰበስባል። ልክ ጥንቃቄ በሚያስፈልግበት ሰዓት አልታዘዝም ይላል።

ጎታች ጀልባ የሚጠራው ለዚህ ነው። ስሙ ጎታች ይሁን እንጂ ከመጎተቱ እኩል ይገፋል።

[ምስል፦ የጎታቹ አፍንጫ በቅርብ። ጥቁር ወፍራም ጎማ።]

ይህን ጎማ እዩት። የመርከቡን ጎን ሳይጎዳ ግንባሩን አስጠግቶ የሚገፋው በዚህ ነው። የጀልባው ርዝመት 30 ሜትር ገደማ ነው። ትንሽነቱ ያታልላል፤ ሆዱ ሞተር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አቅሙን የሚለኩበት መንገድ ደስ ይለኛል። የብስ ላይ ካለ ጠንካራ ምሰሶ ጋር በገመድ ያስሩትና ሞተሩን እስከ መጨረሻው ያስጮኹታል። ገመዱ ስንት ቶን እንደተሳበ መለኪያው ይናገራል። በትልልቅ ወደቦች ላይ ከ60 እስከ 80 ቶን የሚስብ ጎታች ብርቅ አይደለም።

ከሥሩ ያሉት ሁለት ፕሮፔለሮች ደግሞ 360 ዲግሪ ይዞራሉ። ስለዚህ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ይሄዳል፤ ባለበትም ይሽከረከራል። ካፒቴኑ እንደ መኪና መሪ አይጨብጥም። በግራና በቀኝ እጁ አንድ አንድ እጀታ ይዞ ሁለቱን ለየብቻ ያዛቸዋል።

[ምስል፦ ከመርከቡ ላይ ቀጭን ገመድ ሲወረወር።]

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ከመርከቡ ላይ አንድ ባሕርተኛ ጫፉ ከበድ ያለ ቀጭን ገመድ ይወረውራል። የጎታቹ ሠራተኛ ይቀልበዋል። ዋናውን ወፍራም ገመድ በእሱ ጫፍ ያስርና ወደ ላይ ይሳባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሁለቱም እየሄዱ ነው። ገመዱ ከተወጠረ በኋላ ማንም አጠገቡ አይቆምም። ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተመልሶ ሰው ይገድላል።

የጎታቹ ካፒቴን ፊት ለፊቱ የሚያየው ብዙ ጊዜ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ትዕዛዙ በሬዲዮ ይመጣለታል፤ የሚያዘው የወደቡን ውሃ አብጠርጥሮ የሚያውቀውና መርከቡ ላይ የወጣው ፓይለት ነው። ጅቡቲ ላይ የእኛን ስንዴና ማዳበሪያ የጫነ መርከብ ሲጠጋም ነገሩ ያው ነው።

በጣም የሚፈራው ግን ሌላ ነው። መርከቡ ድንገት ሲፈጥን ወይም ሲታጠፍ የተወጠረው ገመድ ጎታቹን ከጎኑ ይስበዋል። ያኔ ጀልባው በደቂቃ ውስጥ ሊገለበጥ ይችላል። ለዚህ ነው ገመዱን ባንዴ የሚለቅ የአደጋ ጊዜ መልቀቂያ ከካፒቴኑ እጅ የማይርቀው።

ጎታች ሳይኖር ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ባልቲሞርን ማንሳት ግድ ነው። ሜሪላንድ ያላችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁት ይሆናል። መጋቢት 2024 በፈረንጆቹ፣ 26ኛው ቀን፣ ሌሊት ነው። «ዳሊ» የተባለውን መርከብ ሁለት ጎታቾች ከወደቡ አላቀቁት፣ አቅጣጫ አስያዙትና ለቀቁት። ይህ የዘወትር አሠራር ነው፤ ማንም አልተሳሳተም። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የመርከቡ መብራት ጠፋ። ከ100,000 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ያለ ሞተር ይንሳፈፍ ጀመር። ፓይለቱ ጎታች በአስቸኳይ ይምጣ አለ። ግን መብራቱ መጀመሪያ ከጠፋበት መርከቡ ከድልድዩ ጋር እስከተጋጨበት 4 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ድልድዩ ፈረሰ፤ ላዩ ላይ አስፋልት ሲጠግኑ የነበሩ 6 ሠራተኞች ሞቱ።

[ምስል፦ ስዊዝ ቦይ፣ መርከቡ ቦዩን ዘግቶ።]

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 2021፣ «ኤቨር ጊቭን» ስዊዝ ቦይ ላይ ተጋድሞ 6 ቀን መንገድ ዘጋ። ኢንተርኔቱ ሁሉ የሳቀው ከመርከቡ ሥር አሸዋ በምትጭረው አንዲት እስካቫተር ነበር። እሷን ማን ይረሳል! ከባዱን ሥራ የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። አሸዋውን ከውሃ ሥር የሚዝቅ መርከብ 30,000 ሜትር ኩብ ገደማ አወጣ። ከ10 በላይ ጎታቾች ደግሞ ከፊትም ከኋላም ተረባረቡበት። ሙሉ ጨረቃ ሆነችና የባሕሩ ውሃ ከፍ አለ። ጎታቾቹም ያቺን ሰዓት አላሳለፏትም። መጋቢት 29 መርከቡ ተላቀቀ። የዚያን ዕለት ቪዲዮ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት፤ ያ ሁሉ ጡሩምባ የእነሱ ነው።