መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ጋዜጣው በአማርኛ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬ የኅትመት ጋዜጠኝነት ለሚማሩ፣ በተለይ እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ ሆነው ጋዜጣ ላይ መጻፍ ለሚያስቡ ነው። በአእምሮዬ የሚመላለሰው ይሄ ነው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ፣ መጽሐፉ የእንግሊዝኛ፣ ፈተናውም የእንግሊዝኛ ነው። ተመርቀው የሚጽፉት ግን በአማርኛ። ባሕር ዳር ላይ ከ1987 ዓ.ም ጀምራ የምትታተመውን በኩር ጋዜጣን ውሰዷት፤ እዚያ የሚቀጠር ልጅ የሚጠበቅበት የአማርኛ ዜና ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ተማሪው ራሱ ካልሞላው ማንም አይሞላለትም።

እስቲ ከሊዱ፣ ማለትም ከዜናው መግቢያ ዓረፍተ ነገር፣ እንጀምር። የተገለበጠው ፒራሚድ የሚባለው የዜና አጻጻፍ ዋናውን ነገር መጀመሪያ አድርግ ይላል። ጥሩ ነው። ግን አማርኛ ግሱን መጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው። አንባቢው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ከግሱ በፊት የሚታጨቀው ነገር ሁሉ አንባቢውን ያስጠብቃል። ለምሳሌ ብዬ የፈጠርኩትን ይህን ሊድ ስሙት፦

«የዞኑ ግብርና መምሪያ ኃላፊ በትናንትናው ዕለት በደብረ ማርቆስ ከተማ በተካሄደው የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ ላይ ተገኝተው ባደረጉት ንግግር እንደገለጹት ለዘንድሮው የመኸር ወቅት ከሚያስፈልገው የአፈር ማዳበሪያ ውስጥ እስካሁን ግማሽ ያህሉ ለአርሶ አደሩ መሰራጨቱን አስታወቁ።»

33 ቃል ነው። ዜናው የሚጀምረው ሃያኛው ቃል ላይ ነው፤ «ማዳበሪያ» የሚለውን የምናገኘው ሃያ አምስተኛው ላይ። ከዚያ በፊት ያለው ማን መድረክ ላይ እንደተገኘ ነው። ሰዋስዉም ተሰብሯል። «እንደገለጹት» ብሎ የጀመረ ሰው «ተሰራጭቷል» ብሎ መዝጋት አለበት፤ «መሰራጨቱን» ያለ ደግሞ «አስታወቁ» ይበል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰር አንድን ሰው ሁለት ጊዜ ማናገር ነው። ይሄን ስሕተት ከተማሪ ጽሑፍ ላይ ብቻ አይደለም የምታገኙት፣ በየሳምንቱ ታትሞም ታያላችሁ።

አሁን እናሳጥረው፦ «ለመኸር ከሚያስፈልገው ማዳበሪያ እስካሁን አርሶ አደሩ እጅ የገባው ግማሹ ነው ሲል የዞኑ ግብርና መምሪያ አስታወቀ።» 15 ቃል። መድረኩና ከተማው ሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ ይገባሉ፣ ካስፈለጉ። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ ለሊድ ከ25 እስከ 35 ቃል ይፈቅዳል። የኛ አንድ ቃል ግን መስተዋድዱንም፣ ባለቤቱንም፣ ተሳቢውንም፣ አሉታውንም ተሸክሞ ነው የሚመጣው። እኔ ብትጠይቁኝ ለአማርኛ ሊድ ከ15 እስከ 20 ይበቃል፤ ሃያን ካለፈ ወደ ሁለት ዓረፍተ ነገር ክፈሉት።

«ተገለጸ» እና «ተባለ» ላይም ጠንቀቅ በሉ። ማን ገለጸ? ማን አለ? ግሱ ተገብሮ ሲሆን ምንጩ ይጠፋል፣ ምንጩ የጠፋበት ዜና ደግሞ ባለቤት የለውም። አንዳንዴ ሆን ተብሎ ነው የሚደረገው።

ስም ላይ እንምጣ። መጽሐፉ አንድ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ የመጨረሻውን ስም ብቻ ጻፍ ይላል። እኛ ጋ የመጨረሻው ስም የአባት ነው፤ እሱን ብቻ ከጻፋችሁ የተናገሩት አባትየው ሆኑ ማለት ነው። መጀመሪያ ማዕረጉን ከነሙሉ ስሙ፣ ከዚያ በኋላ ማዕረጉን ከራሱ ስም ጋር። ግሱ አንቱታውን ይከተላል፤ አንድ አንቀጽ ላይ «ተናገሩ»፣ ቀጥሎ «አለ» ካላችሁ አንባቢ ሌላ ሰው የገባ ይመስለዋል። ከዚህ የከበደው የወንጀል ዜና ነው። ትናንት «አቶ» የተባለ ሰው ዛሬ ስለተያዘ ብቻ አንቱታው ይገፈፋል፣ «ግለሰቡ ተያዘ» ይባላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። በእንግሊዝኛ ይሄ ጥያቄ ግሱ ላይ አይነሳም፤ በአማርኛ አንዲት ፊደል ፍርድ ትሰጣለች። ዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ደንብ ይያዝና ለሹሙም ለሥራ ፈቱም እኩል ይሥራበት።

ጎጃም መቼም የቅኔ አገር ነው፣ ተማሪውም ርእስ ላይ ሰምና ወርቅ መወርወር ይወዳል። ለባህል ገጽ፣ ለመጣጥፍ፣ እሰየው! ለፍርድ ቤትና ለአደጋ ዜና ግን አይሆንም። ወርቁን ከሳሽ ይፈታውና ሙግት ይመጣል።

ዘመን አቆጣጠሩ ብዙ ሰው ይጥላል። ከፈረንጅ ዓመት ላይ ሁልጊዜ 8 መቀነስ ስሕተት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 2 ቀን 1930። ልዩነቱ 7። ዓድዋ ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጅ ማርች 1896፤ ልዩነቱ 8። ሰዓትም እንደዚሁ፤ ከውጭ የተላከ ዜና ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚመስለው የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል።

አሁን የምወደው ክፍል፣ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ስለዚህ የዘጠኝ ወር ሪፖርት የሚወጣው ሚያዝያ ላይ ነው። «የእቅዱን 90 በመቶ አሳክተናል» ይላል። የትኛውን እቅድ? የዓመቱ እቅድ 100 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ ነው እንበል። የዘጠኝ ወሩ 60 ነበር፣ የተሠራው 54። ከዘጠኝ ወሩ ሲታይ 90 በመቶ ነው፤ ከዓመቱ ሲታይ 54 በመቶ። ሦስት ወር ቀርቷል፣ እሱም ክረምቱ የሚገባበት። ዜናው እዚህ ጋ ነው ያለው። ንግግሩን ከመቅዳት በፊት ሰንጠረዡን ጠይቁ፤ ዓመታዊ እቅድ፣ የወቅቱ እቅድ፣ ክንውን፣ ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት። አራቱ ዓምድ ከሌለ መቶኛውን አትጻፉት። አንሰጥም ካሏችሁ በጽሑፍ ጠይቁና ግልባጩን ያዙ፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ መያዝ ደግሞ በር ላይ የሚጠፋውን ግማሽ ቀን ያተርፋል።

ገበሬ ስታናግሩ መሬቱን በጥማድ ይነግራችኋል፣ ጽሕፈት ቤቱ በሄክታር። ብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው ተብሎ ይታሰባል፣ ግን ጥማድ እንደየአገሩ ይሰፋል ይጠባል። ራሱን ጠይቁት፣ «አባባ፣ እዚህ ስንት ጥማድ ነው አንድ ሄክታር የሚሆነው?» ብላችሁ።

ወደ ገጹ እንግባ። የመለማመጃ ጋዜጣ በርካሽ የሚወጣው ኤ3 ወረቀት ሁለት ላይ ታጥፎ ነው፤ አራት የኤ4 ገጽ ይሆናል። ገጽ የሚጨምረው በአራት በአራት ነው፤ «አንድ ገጽ ብቻ እንጨምር» የሚባል ነገር የለም። መጽሐፉ ሦስት ዓምድ ያሳያችኋል። ኤ4 ላይ ኅዳጉ ሲቀነስ አንዱ ዓምድ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሰዋል፤ በ10 ነጥብ ፊደል ስትጽፉ አንድ መስመር የሚይዘው ሦስት ወይ አራት የአማርኛ ቃል ነው። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚል ቃል ሲመጣ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ሁለት ቃል ብቻ ይቀራል። ግራና ቀኙን እኩል ካደረጋችሁት በመካከል የጥርስ ወላቃ የመሰለ ነጭ ክፍተት ይፈጠራል። ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛውን በጭረት ይሰብረዋል፣ አማርኛውን አይሰብረውም። የድሮ ጽሑፍ ቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ስለነበረ የትም ፊደል ላይ ቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር ይወርድ ነበር፤ እኛ ክፍት ቦታ ከያዝን ወዲህ ያ ቀርቷል። መፍትሔው ወይ ሁለት ዓምድ ማድረግ፣ ወይ ግራውን ብቻ አሰልፎ ቀኙን መልቀቅ ነው።

ጽሑፍ ሲሰበሰብ ሁሉም በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ይጻፍ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ነገር ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንደገና መተየብ ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ላይም አንድ ገጽ መመሪያ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ያለዚያ አንድ ገጽ ላይ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ጎን ለጎን ይወጣሉ።

ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩ፣ አለበለዚያ ተጨምቆ ይደርሳል። ለኅትመት በኢንች 300 ፒክሰል ከያዝን፣ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፎቶ 945 ፒክሰል ያህል ይፈልጋል፤ ገጹን ሙሉ የሚይዝ 17 ሴንቲ ሜትር ደግሞ ወደ 2,000። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፣ ስለዚህ ስክሪን ላይ ደህና የሚመስል ጥላ ሲታተም ጥቁር ይሆናል። ከመላካችሁ በፊት ጥቁሩን ትንሽ አቅልሉት፤ በተለይ ከቤት ውስጥ ስብሰባ ለሚመጣ ፎቶ።

ከማተሚያ ቤት በፊት ያለው የመጨረሻው እርማት በወረቀት ይሁን፣ በሁለት ሰው። አንዱ ድምፁን አውጥቶ ያነባል፣ ሌላው ዋናውን ይዞ ይከታተላል። ከዚያ ጽሑፉን ትታችሁ ስምና ቁጥር ብቻ፣ ቀጥሎ የፎቶ መግለጫውን ከግራ ወደ ቀኝ ከሰዎቹ ጋር፣ በመጨረሻ «ወደ ገጽ 3 ዞሯል» የሚለው እውነትም ገጽ 3 ላይ መኖሩን እዩ።