ሸራው ሳይታጠፍ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ራሴ ጅልነት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በትንሽ የሸራ ጀልባው ላይ ነን። ነፋሱ ከኋላችን ነው። ጀልባዋ ትበራለች፤ ግን ሁሉም ጸጥ ያለ ይመስላል። «ሸራውን ትንሽ አጥፈን ብናሳጥረው አይሻልም?» አለኝ። «ኧረ ተወኝ፣ እንዲህ ያለ ነፋስማ አይባክንም» አልኩት። እውነቱን ልንገራችሁ? ፈራ እንዳይለኝ ነው።

ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ አብራችሁት ነው የምትሮጡት። እሱ 20 ኖት (የባሕር ላይ የፍጥነት መለኪያ ነው) ሆኖ ጀልባዋ 7 ብትሄድ፣ የሚሰማችሁ 13 ብቻ ነው። ዞራችሁ ወደ ነፋሱ በሰያፍ ስትሄዱ ግን ከፍጥነታችሁ የሚበዛው ይደመርበትና 25 ገደማ ይሆናል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው።

ይህን በወረቀት አውቀው ነበር። በክንዴ ያወቅኩት መሪውን ያዞርኩ ጊዜ ነው። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ውሃው በጠርዙ ገብቶ ጉልበቴ ደረሰ። የሸራውን ገመድ ልልቀቅ ብል፣ ለካ ቋጥሬዋለሁ! እጄ እንዲያርፍ ብዬ። እርጥብ ቋጠሮ በጥፍር አይፈታም። ጓደኛዬ በቢላ በጠሰው።

ከዚያ ወዲህ «ካፕቴን» ስለምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሳስብ ሆዴ ይረበሻል። ረጃጅም ምሰሶ፣ ብዙ ሸራ፣ ከባድ መድፍ ነበራት። ጎኗ ግን ከውሃው ከፍ የሚለው 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1870 እ.ኤ.አ.፣ ሴፕቴምበር 6፣ የጦር መርከቦቹ አዛዥ አድሚራል ሚልን ሊጎበኛት ወጣ። ያዘመመችበት ጎን ወለሏን ውሃ ሲያጥበው አይቶ አልወደደውም። ሌሊቱን ነፋሱ በረታ። ሸራውን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ግን አልደረሰም፣ ተገለበጠች። ከ470 በላይ ሰው አለቀ፤ የነደፋት ኮልስ ራሱም አብሮ ሰጠመ። የተረፉት 18 ናቸው።

እኛማ ሁለታችንም ተርፈናል። ዳር እስክንደርስ ጓደኛዬ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ የተበጠሰውን ገመድ አነሳና አየው።

«ይህችን ትገዛታለህ» አለኝ።

ገዛሁለት።