አየር የምትስበዋ የባትሪ ድንጋይ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ የደወሉ እናት፦ «የጆሮዬ መሣሪያ ድንጋይ ቶሎ ያልቅብኛል። ሻጩ እንደምትሠራ ሊያሳየኝ ተለጣፊዋን ልጦ ነው የሚሰጠኝ።»

እማማ፣ ጣጣው እዚያው ላይ ነው። ድንጋይዋን ገልብጠው ይዩዋት፤ ከተለጣፊዋ ሥር በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ። አየር የሚገባው በነሱ ነው፣ ኦክስጅኑ ውስጥ ካለው የዚንክ ዱቄት ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። አንዴ ከተላጠች ቢጠቀሙባትም ባይጠቀሙባትም በሳምንታት ውስጥ ትደክማለች፣ መልሶ መለጠፉም ብዙ አያድናትም። የድሬ ደረቅ ሙቀት ደግሞ የውስጧን እርጥበት ይመጥጣል። ስለዚህ እንደታሸገች ይግዟት፣ አሮጌዋ ስታልቅ ብቻ ይላጧት፤ ልጠው ወዲያው አይክተቷት፣ ጥቂት ደቂቃ አየር ትሳብ። የመጠኗ ቁጥር ካስቸገረዎት የተለጣፊዋን ቀለም ይያዙ፦ ሰማያዊ 675፣ ብርቱካንማ 13፣ ቡናማ 312፣ ቢጫ 10 ነው። የልጅ ልጆች ካሉ ደግሞ ከእጃቸው ያርቁልኝ፤ ከዋጧት አንድ ሰዓት እንኳ ሳይጠብቁ ሐኪም ቤት!

ከሸዋበር፣ ሐረር፦ «ይሄ ድንጋይ ርካሽም ብርቱም ነው ይላሉ። ታዲያ ለእጅ ባትሪ የማይሸጥልን ለምንድን ነው?»

አቦ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ተራው ድንጋይ የሚፋጩትን ሁለቱንም ነገሮች ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ይቺ ግን ኦክስጅኑን ከውጭ ስለምትወስድ ቦታውን በሙሉ ለዚንክ ትሰጠዋለች። ለዚህ ነው በኪሎ ከ300 ዋት ሰዓት (የጉልበት መለኪያ ነው) በላይ የምትይዘው፣ ከአልካላይን ድንጋይ እጥፍና ከዚያም በላይ። ዚንኩም ውድ አይደለም፣ የጣሪያ ቆርቆሮ የሚለበጥበት ያው ብረት ነው። በአየር በኩል ያለውን ሥራ የሚያፋጥነውም ፕላቲነም መሆን የለበትም፤ ተራ ድንጋይ ስትሰብር እጅህን የሚያጠቁረው የማንጋኒዝ ዱቄት ይበቃል። አስቸጋሪው አየር አስገብቶ ፈሳሽ የማያስወጣውን ስስ ሽፋን በርካሽ መሥራቱ ነው።

ሌላው ችግር ጉልበቷን ቀስ እያለች መስጠቷ ነው። ደማቅ መብራት ብዙ ጉልበት ባንዴ ይፈልጋል፣ በጠባብ ቀዳዳ ደግሞ በቂ አየር አይገባም። ቀዳዳውን ብታሰፋው ትደርቅብሃለች። ለዚህ ነው ትልልቆቹ ጥቂት ጥቂት እየሳበ ለወራት ለሚቆይ ሥራ፣ ለባቡር ምልክትና ባሕር ላይ ለሚንሳፈፍ መብራት ሲያገለግሉ የኖሩት።

ከመጋላ፦ «ቻርጅ ብናደርጋትስ?»

ኧረ ተው! አብጣ ታፈሳለች። ቻርጅ የሚደረጉት ገና እየተሞከሩ ነው፤ ዚንኩ ሲመለስ እንደ መርፌ ሾሎ እያደገ ሁለቱን ወገን የሚለየውን ስስ ሽፋን ይበሳዋል፣ ከዚያ ሾርት ነው።