«ይልቁንም» ማለት «ብቻ» ማለት አይደለም

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ።

ንግግሬን ከአንድ ልቅሶ ቤት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማገለግልባት አጥቢያ ለሁለት ተከፈለች። ምክንያቱን አሁን አላነሳውም፤ ያኔ በጣም ትልቅ ይመስለን ነበር። አብሮኝ መዘምራን ውስጥ ያደገ አንድ ወንድም ወደዚያኛው ወገን ሄደ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አልተባባልንም። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንደማንተዋወቅ እናልፋለን። በኋላ እናቱ አረፉና ልቅሶ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ የእኛ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የእነሱ ሰዎች በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ጓዳ ውስጥ ወጡን የሚያማስሉት፣ ሳህኑን የሚያጥቡት የእድሩ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ኦርቶዶክስና ሙስሊም። ከእነሱ አንዷ፣ ሂጃብ ያደረጉ ትልቅ እናት፣ ውሃ እያቀበሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እናንተ አንድ ቸርች አልነበራችሁም እንዴ? ምን ሆናችሁ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

ጌታችን «እርስ በርሳችሁ ፍቅር ቢኖራችሁ፥ ደቀ መዛሙርቴ እንደ ሆናችሁ ሰዎች ሁሉ በዚህ ያውቃሉ» ያለው በመጨረሻዋ ማታ ነው፤ እግራቸውን ካጠበ በኋላ። «ሰዎች ሁሉ» ማለቱን ልብ በሉ። የማያምነው ሰው አይቶ እንዲመዝነን ፈቀደለት ማለት ነው። እኚያ እናት ስለ ትምህርታችን አልጠየቁኝም። አቀማመጣችንን አዩ፤ በቃ።

አንዳንዱ ሰው «መጀመሪያ ለወገን» ይልና እዚያው ይቀራል። ሌላው የውጭውን ለመማረክ ሲሮጥ የቤቱን ሰው ይረሳል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የጻፈው ግን «እንግዲያስ ጊዜ ካገኘን ዘንድ ለሰው ሁሉ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች መልካም እናድርግ» ብሎ ነው። እኔ ይህችን «ይልቁንም» የምትል ቃል እወዳታለሁ። ለወንድምህ የበለጠ አድርግ ትላለች እንጂ ለእሱ ብቻ አድርግ አትልም። «ለሰው ሁሉ» የሚለው እንዲያውም ከእሷ ቀድሞ ተጽፏል። ደግሞስ፣ ጎረቤት ሲታመም የሚጠይቅ ሰው የገዛ ወንድሙ ሲታመም ቢቀር ማን ያምነዋል?

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ። ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ታሰሩ። ያኔ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በድብቅ ይሰበሰቡ ጀመር። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደርሶ ነበር። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ስለ ጸሎት ስንሰብክ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚነካኝ ቤታቸውን የከፈቱት ሰዎች ነገር ነው። በዚያ ዘመን ሳሎኑን ለጸሎት የሰጠ ሰው ራሱንም ልጆቹንም አደጋ ላይ ይጥል ነበር። ወንድሙን የወደደው በዚያ ዋጋ ነው።

ዛሬ ለጸሎት ስለተሰበሰብን በራችንን የሚያንኳኳ ካድሬ የለም። እኛ ግን የአንድ ዘማሪን ስህተት ቲክቶክ ላይ ለቅቀን በኮሜንት እንቦጫጨቃለን። ያዝናል ልቤ፣ እውነቴን ነው። ዮሐንስ «በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ» ብሎ ነበር፤ እኛ ጭራሽ አንደበታችንንም ለመጠላላት አዋልነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ግልጽ ይሁን። ወንድምን መውደድ ጥፋቱን መሸፈን አይደለም። የበደለ ይገሠጽ፤ የተበደለ ይሰማ። በአገልጋይ የተጎዳችን እህት «ለቤተ ክርስቲያን ስም ስትዪ ዝም በዪ» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። እሷም እኮ የሃይማኖት ቤተ ሰብ ናት።

ወደ ውጭ ስንወጣ ፈተናችን ሌላ ነው። የማያምነውን ሰው እንጋብዘዋለን፣ ሲታመም እንጠይቀዋለን፣ ሲቸግረው እንረዳዋለን። ከሦስት ወር በኋላ ቸርች ካልመጣ ግን ስልኩን እንረሳዋለን። ሰው ደግሞ ይህን ያውቃል። ለምን እንደተጠጋነው ገና ከጅምሩ ይገባዋል።

ጌታ አሥር ለምጻሞችን አነጻ። ለማመስገን የተመለሰው አንድ ነው፤ እሱም ሳምራዊ። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ እንዳልተመለሱ ቅር እንዳለውም ያስታውቃል። ግን የዘጠኙን ቆዳ ወደ ለምጽ አልመለሰውም። ነጽተው ሄዱ፤ እንደነጹም ቀሩ። በእኛም አገር በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ክርስቲያኑ የአክሱም ንጉሥ ከመካ ተሰድደው የመጡ ሙስሊሞችን ተቀበለ። አሳዳጆቻቸው ስጦታ ይዘው መጥተው «መልስልን» ሲሉት እንቢ አለ። ስደተኞቹ በእስልምናቸው እንደጸኑ በሰላም ኖሩ። እምነታቸውን መቀየር የጥገኝነታቸው ዋጋ አልነበረም።

ወንጌልን አንናገር ማለቴ አይደለም። የምወደውን ሰው፣ ያለኝን ትልቁን ነገር ሳልነግረው እንዴት እቀራለሁ? እነግረዋለሁ። «አይ፣ አልፈልግም» ሲለኝ ወዳጅነታችን እዚያው ካለቀ ግን መጀመሪያውኑም አልወደድኩትም።

ስለ እድርም አንድ ነገር ልበል። አንዳንዶቻችን ጌታን ስናገኝ መጀመሪያ የተውነው እድራችንን ነው። እምነታችሁ የማይፈቅደው ነገር ካለ እሱን ብቻ ተዉት፤ በአክብሮትም አስረዱ። ድንኳን መትከል ግን ምን ኃጢአት አለው? ወንበር መሸከም፣ ቀብር መሸኘት፣ ከሐዘንተኛ ጋር ማምሸት ምን ነውር አለው? ከዚያ ከወጣን በኋላ ጎረቤቶቻችን የሚያውቁን በድምፅ ማጉያችን ብቻ ነው።

ወደዚያ ልቅሶ ቤት ልመለስ። የእኚያ እናት ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሳ ሄድኩ። ወንበር ሰበሰብኩ፤ ከዚያ የድንኳኑን አንድ ጫፍ ያዝኩ። ሌላውን ጫፍ የሚይዝ ሰው ስፈልግ ያ ወንድሜ መጥቶ ያዘው። ብዙ አላወራንም። አጥፈን፣ ተሸክመን እድር ቤት አደረስነው።

ጌታ ይባርካችሁ።