ሳትበክት ቶሎ ቢላ አምጣ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ ዶሮ አርቢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ነገ ኅዳር 12 ነው። በየደጃፋችን ቆሻሻ ሰብስበን እናጥናለን። ልጆቻችን ጭሱን ይወዱታል፤ የመጣበትን ሞት ግን አያውቁትም። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ሺዎችን ፈጅቷል፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመራማሪዎች በዚያ ወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች ሳንባ የቫይረሱን ቅሪት አውጥተው ሲያዩት፣ የዘር ምንጩ ወደ አእዋፍ የሚያመለክት ሆኖ አገኙት። በዋዜማው ስለ ዶሮና ስለ ወፍ ጉንፋን ላወራችሁ የቆምኩት ለዚህ ነው።

እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን የእናቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ዶሮ ክንፏን ጥላ ስታንቀላፋ ካየች «ሳትበክት ቶሎ ቢላ አምጣ!» ትለኝ ነበር። ሮጬ አመጣለሁ። አባቴ ያርዳል፣ እሷ በፈላ ውሃ ነክራ ትነጫለች፣ አንጀቱ ለውሻ፣ ላባው ወደ ጓሮ። ማናችንም አልታመምንም። በሽታው ፈንግል ነበርና፤ ፈንግል ሰው ላይ ቢጠና ዓይን ቢያቀላ ነው። እናቴን አልወቅሳትም። የእንቁላሉ ገንዘብ የእሷ ነበር፤ የኔም ደብተር የተገዛው ከዚያ ነው።

ችግሩ የወፍ ጉንፋን በዓይን ሲታይ ከፈንግል አለመለየቱ ነው። ሁለቱም ትንፋሽ ያሳጥራሉ፣ አንገት ያጣምማሉ፣ ቤቱን በጥቂት ቀን ባዶ ያስቀራሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከቢላው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ ኤች ፋይቭ ኤን ዋን የተባለው ዓይነት ከ900 በላይ ሰዎችን እንደያዘ ተረጋግጧል፤ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። ብዙዎቹ የታመመ ወይም የሞተ ዶሮ የነኩ፣ ያረዱ፣ የነጩ ናቸው። በአፍሪካ የግብፅን ያህል የተጎዳ የለም። እዚሁ ጎረቤታችን ጅቡቲም እ.ኤ.አ. በ2006 አንዲት ሕፃን ታማለች።

እስካሁን ከሰው ወደ ሰው እንደልቡ አይተላለፍም። ቫይረሱ የሚጣበቅበት ነገር በወፍ አንጀት ሞልቷል፤ በኛ ግን በብዛት ያለው ከሳንባችን ሥር እንጂ ከአፍንጫና ከጉሮሯችን አይደለም። ስለዚህ የያዘውን ሰው ክፉኛ ይጎዳል፣ በሳልና በማስነጠስ ግን በቀላሉ አይወጣም። የሚያሳስበን እየተላመደ መሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በፔሩ ዳርቻ የባሕር አንበሶችን በሺዎች ገደለ። በ2024 መጋቢት ላይ ደግሞ በአሜሪካ የወተት ላሞች ላይ ተገኘ። እኔ በትምህርት ቤት «ላም የወፍ ጉንፋን አይይዛትም» ብሎ የሚከራከር ሰው ብሰማ ከጎኑ ቆሜ እከራከር ነበር! ቫይረሱ በወተቱ ውስጥ ተገኘ፤ ያንን ጥሬ ወተት የጠጡ የእርባታ ድመቶች ሞቱ። ላምና ዶሮ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ጣሪያ ሥር የምናሳድር ሰዎች ይህን እንደ ሩቅ ወሬ ልንሰማው አንችልም። ወተት ማፍላት ይገድለዋል፤ ይህን ያህል ቀላል ነው።

የመንዝ ሰዎችም እዚህ አላችሁ። ጓሳ ላይ ስለምትጠብቋቸው ቀይ ቀበሮዎች ታውቃላችሁ፤ በዓለም ላይ 500 እንኳን አይሞሉም። በባሌ የውሻ እብደት ምን ያህል እንደጎዳቸው አይተናል። የሞተ ዶሮ ሜዳ ላይ ስንጥል ማን እንደሚያነሳው አናውቅም።

አሁን ወቅቱ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን የሸሹ የውሃ ወፎች በስምጥ ሸለቆ በኩል ይመጣሉ፤ ጨፋ ረግረግ ላይም ያርፋሉ። የዱር ዳክዬ ሳይታመም ሊሸከመው ይችላል። ቆላ የተገዛ ዶሮ ደግሞ እግሩ ታስሮ፣ ጣርማበርን ተሻግሮ፣ በዚያው ቀን ከናንተ ዶሮዎች ጋር ያድራል። ለገና ገበያው ሲደራ ይብሳል። አዲስ የገባ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

ዋናው ልመናዬ ግን ይህ ነው። ዶሮዎቻችሁን ፈንግል አስከትቡ፤ ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። የተከተቡ ዶሮዎች በጅምላ ከሞቱ «ፈንግል ነው» ማለት ይከብዳል፤ ያኔ ቢላውን ተዉትና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። በኛ በባለሙያዎቹ ወገንም እዳ አለብን፦ ተናግሮ ዶሮው የተወገደበት ሰው ካሣ ካላገኘ ሁለተኛ አይናገርም፣ ሌሊት ገበያ ያወጣዋል። ይህን ለአለቆቼ ደጋግሜ ብያለሁ፤ በናንተ ፊትም እላለሁ።

ነገ ስታጥኑ የሞተ ዶሮ ካለ ከቆሻሻው ክምር ላይ አትጣሉት። እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ አንሡት፣ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት፣ ኖራ ካለ ነስንሱበት፣ በሳሙና ታጠቡ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ከበሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ እጠብቃችኋለሁ። አመሰግናለሁ።