እማዬ ለወንጌላዊው የምትለየው በቆሎ

ሰላም ቅዱሳን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በቅርቡ አንድ አባት "ልጆቼ የሚሽን ልብ እንዲኖራቸው የት ልላካቸው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ወንጌልን ላልሰሙ አካባቢዎች የማድረስ ፍላጎት ማለቱ ነው። ኮንፈረንስም ሥልጠናም አለ፣ ይሂዱ። እኔ ግን ይህን ሸክም ያገኘሁት ከቤት ነው።

ያደግኩት ወላይታ ሶዶ ነው። በቆሎው ተፈልፍሎ ጆንያ ውስጥ ሳይገባ እማዬ መጀመሪያ አንድ ቁና ትለያለች። "ይሄ የወንጌላዊው ነው" ትላለች። እሱ ከእኛ ርቆ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ አሪ አገር ነው የሚያገለግለው። ቤተ ክርስቲያን የየቤቱን እህል ሰብስባ ትሸጥና ገንዘቡ ይላክለታል። አንድ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ በቆሎው ሲያንስ "ዘንድሮስ ለእኛ ይበቃናል?" አልኳት። "እሱም ልጆች አሉት" አለችኝና ለየች። ከዚያ በላይ አላብራራችልኝም።

ማታ ማታ አባዬ ሲጸልይ የእነዚያን ልጆች ስም እየጠራ ነው። እኛ አይተናቸው አናውቅም። ለእረፍት የመጡ ጊዜ እኩያዬ የሆነችው ልጅ ወባ ይዟት ስለነበር የእኔ አልጋ ላይ ተኛች። ብርድ ልብሱ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ስትንዘፈዘፍ አየኋት። የምንጸልየው ምን ላለበት ቤት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ይህ ነገር ደግሞ እኛ ቤት የተጀመረ አይደለም። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን የተባለው የውጭ አገር የወንጌል ድርጅት ሰዎች ሶዶ የደረሱት በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር። በ1937 ጣሊያን አስወጣቸው። ያኔ በወላይታ የተጠመቁት 48 አማኞች ብቻ ነበሩ። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሚሽነሪዎቹ ሲመለሱ ግን የአማኙ ቁጥር ወደ 10 ሺህ ተጠግቶ ነበር! የወላይታ ወንጌላውያንም ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ፣ ወደ ካፋ ወጡ፤ ብዙዎቹ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው። ይህን ታሪክ ስንናገር የሄዱትን እናነሳለን፤ ደግሞም ይገባቸዋል። እኔን ግን ስንቅ ያዘጋጁት ቤቶች ይገርሙኛል። ለታሰሩት ምግብ ያመላለሱት፣ ለተላኩት እህል የለዩት። የእነሱን ስም የጻፈላቸው የለም። ልጆቻቸው ግን እያዩ አደጉ።

አሁን ከተማ ውስጥ ሚሽን በዓመት አንዴ የሚነበብ በጀት ሆኖብናል። ወንጌላዊው ከገጠር መጥቶ ሪፖርት ሲያቀርብ ልጆቹ ሰንበት ትምህርት ክፍል ናቸው። ለምን? ያን ቀን እንኳ አዳራሹ ውስጥ ይቀመጡ። የትልቁ እባብ ታሪክ፣ ወንዝ የተሻገሩበት ታሪክ፣ ለእነሱ ካልተነገረ ለማን ሊነገር ነው?

ሌላም አለ። ልጃችን ተነስቶ "ገጠር ሄጄ ላገልግል" ሲል እንደነግጣለን። "መጀመሪያ ተማር፣ ሥራ ያዝ" እንላለን። ወላጆችን አልወቅስም፣ ፍርሃቱ እውነት ነው። የወንጌላዊው ደመወዝ ወራት ሲዘገይ፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲቸግራቸው ሁሉም ያያል። ልጆቻችንም ያያሉ። እሁድ ጠዋት "ማንን እልካለሁ?" የሚለውን ቃል ይሰማሉ፣ የተላከው ሰው እንዴት እንደተያዘ ደግሞ ሰኞ ያያሉ። የሚያምኑት ሰኞ ያዩትን ነው። ስለዚህ የሚሽን ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ ከፖስተሩና ከቲሸርቱ በፊት የወንጌላዊው ልጆች የትምህርት ነገር ይቅደም።

እናንተ ደግሞ ቤታችሁ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ጀምሩ። ስማቸውን ከቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፣ የልጆቻቸውንም ጭምር። ወንጌላዊው አዲስ አበባ ሲመጣ ሆቴል አይደር፣ እናንተ ቤት ይደር። እራት ላይ ልጆቻችሁ አጠገቡ ይቀመጡና ያሻቸውን ይጠይቁት። ቢያመሽም ግድ የለም፣ ለአንድ ቀን ዘግይተው ቢተኙ ምንም አይሆኑም።

ጌታ ይባርካችሁ፣ ሳምንት እንገናኝ።